እርማት

ጋዜጣችን ስምንት ገጽ ነው፤ ረቡዕ ማታ ይታተማል፤
ሐሙስ ጠዋት በረዶው ላይ፣ ከየደጁ ይወረወራል፤
ዓርብ ደግሞ የአንባቢው ተራ ነው፤ መልሱ በር ስር ይገባል።

ዱን ሌክ የምትባል ከተማ፣ ሳስካችዋን ሜዳ ላይ፣
ዝንብ ጥላት የሄደች ነጥብ ናት፣ ካርታ ላይ ብትታይ፤
ነዋሪዋ ሺህ አራት መቶ፣ አስተያየቷ ከዚያ በላይ።

ቨርና ትደውላለች፦
«የከርሊንግ ዋንጫችን ምን በደለ፣ ከጎማ ሽያጭ ሥር ያዋላችሁት?
ላሚቱ ከከንቲባው ገዝፋ ወጣች፤ እሱንስ ምን ቆጥራችሁት?»
እመልሳለሁ፦ «ላሚቱ አንደኛ ወጥታለች፣
ከንቲባው ገና ነው።» ትስቅና ትዘጋለች።

አንዲት እናት ግን መጣች፤ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆመች፤
የልጇ ስም ከፍርድ ቤት ዜናው እንዲወጣላት ለመነች።
ብራና ቢሆን በፋቅሁት፣ ምላጭ ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፤
አምስት መቶ ደጅ የደረሰን ስም ከየት ልልቀመው ሮጬ?
ይህን አላልኳትም። ወንበር ሰጠኋት።
የምለው ጠፍቶኝ፣ «ስሙን አላሳሳትነውም?» ብዬ ጠየቅኋት።
«አላሳሳታችሁም» አለች።
እሱ ነበር ያመማት።

ኦረስት ፓውሊክ አይደውልም። አይለምንም። አይስቅም።
አርባ ዓመት በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ነው፤
ገበሬ ቢቆጣ፣ ገበሬ ቢያለቅስ፣ ፍሬ ጨምሮ አያውቅም።
ዓርብ ዓርብ የኔኑ ጋዜጣ መልሶ በር ስር ያሾልካል፤
በአናጢ እርሳስ ይከብና ኅዳጉ ላይ ይሞነጭራል፦
«ገጽ ሁለት፤ ሟቿ ሰማንያ አንድ እንጂ ሰማንያ ሁለት አልሞላትም።
ገጽ ሦስት፤ ወንዙ ሞላ እንጂ አጥለቀለቀ አይባልም።
ገጽ ስድስት፤ ደህና ነው።»
ያቺን «ደህና ነው» በስድስት ዓመት ሁለቴ ብቻ አገኘኋት፤
አንዷን ቆርጬ መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከቴምብሮቹ ጋር አኖርኋት።

በመጀመሪያው ዓመት፣ «እስኪ ና፣ አንተ ጻፈው!» የሚል መልስ ጽፌለት ነበር፤
ፖስታው ላይ ስሙን አሳስቼ ስላገኘሁት ቀደድኩት።
ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ማታ፣ መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት፣
ገጹን በሱ ዓይን አንዴ ደግሜ አየዋለሁ።

የካቲት ላይ ዓርብ መጣ፤ በር ስር የገባው በረዶ ብቻ።
ሁለተኛው ዓርብም እንዲሁ።
ሦስተኛው።

ሄጄ በሩን ማንኳኳት ነበረብኝ፤ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው።
እኔ ግን የሰው ደጅ የምረግጠው ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነው፤
ባዶ እጄን ሄጄ ምን እንደምል አላውቅም።

በአራተኛው ረቡዕ እያወቅሁ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣመምኩ፦
«አሮጌው የእህል ጎተራ በስልሳ አንድ ተቃጠለ።»
በስልሳ አራት ነው። ዱን ሌክ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤
ያን ሌሊት የሚዛኑን መዝገብ አቅፎ ከጭሱ የወጣውንም ያውቁታል።
መንጠቆዬን ጥዬ ተቀመጥኩ።

ቨርና አልደወለችም። ከንቲባውም ዝም።
ሰኞ ስልኩ ጮኸ፤ ከቃሉ በፊት ትንፋሹ መጣ፣
በቱቦ ውስጥ የሚያፏጭ ትንፋሽ።
«አዘጋጁ» አለኝ፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤
«ስድስት ዓመት ስህተትህን ለቅሜያለሁ፤ ከስንዴ እንክርዳድ አይጠፋም።
ይሄኛው ግን ስህተት አይደለም። እያወቅህ ነው የጻፍከው።
ለታመመ ሰው ተብሎ ጋዜጣ አይዋሽም።»
ዘጋው።

ረቡዕ፣ ገጽ ሁለት፣ ግርጌው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፦
«እርማት። አሮጌው ጎተራ የተቃጠለው በስልሳ አራት ነው።
ስህተቱ የአዘጋጁ ነው።»
አየሁት። «ስህተቱ»ን ሰረዝኩ፤ «ውሸቱ» ብዬ ጻፍኩ፤
እጄ ሳይመለስ ወደ ማተሚያው ላክሁት።

ዓርብ አንዲት ነርስ ፖስታ ትታ ሄደች፤
ጽሕፈቱ የሷ ነው፣ እርሳሱ የሱ፦
«ገጽ ሁለት፤ ውሸቱ የአዘጋጁ ነው
ከሚለው በኋላ፣ አራት ነጥቡ የት አለ?»